የጎልፍ ኳሷን ከባህር ዛፉ በላይ ማሳለፍ ላቃተህ ወንድሜ

«ኳሴ ከባህር ዛፍ ጀርባ ስትቀር ከላይ ማሳለፍ አልቻልኩም፤ ሁሌ ቅርንጫፍ ትመታና እዚያው ትወድቃለች፤ ምን ዓይነት ክለብ (የጎልፍ መምቻ ዱላ) ልግዛ?» ብለህ ለጠየቅከው ነው የምመልስልህ። በፊቴ የመለሱልህ ልጆች ባለ 60 ዲግሪ ሎብ ዌጅ (ፊቱ በጣም ወደ ኋላ የተጋደመ፣ ኳስን ከፍ አድርጎ የሚያወጣ ክለብ) ግዛ ብለውሃል። እባክህ ገንዘብህን ያዝ። ቦርሳህ ውስጥ ፒቺንግ ዌጅና ሳንድ ዌጅ (ፊታቸው ከሎብ ዌጅ ያነሰ የተጋደመ ክለቦች) ካለህ ምንም አትግዛ።

እኔም የምጫወተው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በሱሉልታ አቅጣጫ ነው። ዛፉም ጣጣውም አንድ ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ።

1ኛ. የዛፉን ቁመት መገመት ተው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አይቶ «ይሄ ስንት ሜትር ይሆናል?» ይላል። ዋናው ነገር ግን ኳሷ ምን ያህል ከፍ ትላለች ሳይሆን ምን ያህል ቶሎ ትነሳለች ነው። ፕሮፌሽናሎቹ በ7 አይረንም (ፊቱ ከዌጅ ይልቅ ቀና ያለ ክለብ ነው) በፒቺንግ ዌጅም ሲመቱ ኳሷ የምትደርስበት ከፍታ ተቀራራቢ ነው፣ ከ27 እስከ 30 ሜትር ገደማ። የሚለያየው መነሻዋ ነው። በ7 አይረን ወደ 16 ዲግሪ፣ በ9 አይረን ወደ 20፣ በፒቺንግ ዌጅ ወደ 24 ዲግሪ ይዛ ትነሳለች። አሁን 12 ሜትር ባህር ዛፍ አስብ። 40 ሜትር ርቀህ ከቆምክ 17 ዲግሪ ይበቃሃል። 20 ሜትር ላይ ከሆንክ ግን 31 ዲግሪ ያስፈልግሃል። ዛፉ ያው ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ከኳሷ ኋላ ቁም። ክንድህን ቀጥ አድርገህ ዘርጋና እጅህን ቡጢ ጨብጥ። የቡጢህ ቁመት ወደ 10 ዲግሪ ነው። በዓይንህ ትክክል ጀምረህ ቡጢ በቡጢ ላይ እየደረብክ እስከ ዛፉ ጫፍ ቁጠር። ኳሷ መሬት ላይ ስለሆነች ግማሽ ቡጢ ጨምርበት። ሁለት ከሆነ ፒቺንግ ዌጅ፣ ሦስት ከሆነ ፊቱን ከፈት ያደረግከው (ትንሽ ወደ ቀኝ አዙረህ ወደ ሰማይ ያሳየኸው) ሳንድ ዌጅ። አራት ከደረሰ ከላይ ማለፉን እርሳውና ወደ ጎን ውጣ።

ክለቡን መሬት ላይ አጋድመው፣ ፊቱን እርገጠው፣ እጀታው ወዳሳየህ አቅጣጫ ኳሷ ትሄዳለች የሚሉህ ይኖራሉ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። እጀታው የሚያሳይህ የክለቡን ዲግሪ፣ ማለትም ፊቱ ምን ያህል እንደተጋደመ ነው። ኳሷ ከዚያ በጣም ዝቅ ብላ ነው የምትነሳው። 46 ዲግሪ የሆነ ፒቺንግ ዌጅ ነው እኮ በ24 የሚያስነሳት!

2ኛ. አየሩ ያነሳልኛል አትበል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ባሕር ጠለል አካባቢ ከምትሄደው አሥር በመቶ ያህል ትርቃለች፣ እውነት ነው። ግን ኳስን ወደ ላይ የሚያወጣት ሽክርክሪቷ አየሩን ሲይዝ ነው። ስስ አየር ደግሞ አይዝላትም። ስለዚህ ትርቃለች እንጂ ከፍ አትልም፣ እንዲያውም ጠፍጠፍ ብላ ነው የምትሄደው። ለዚህ ነው አጠር ያለ ክለብ ያዝ የምልህ። ርቀቱን አየሩ ይመልስልሃል።

3ኛ. አታንሳት። ይሄን በደንብ ስማኝ፤ እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ስጀምር ትምህርት በጥቅል፣ በቅድሚያ ከፍዬ ገባሁ። የሰጡኝ አሰልጣኝ ዛፍ በመጣ ቁጥር የሚለው አንድ ነገር ነው። «ከስር ዛቅ አድርገህ አንሳት!» ዛቅ ሳደርግ ክለቡ ወይ ከኳሷ በፊት መሬቱን ይነክሳል፣ ወይ ጠርዙ የኳሷን ወገብ ይመታና እንደ ጥይት ዛፉ ላይ ትሰካለች። እሱ ደግሞ «አልታጠፍክም፣ የበለጠ ዛቅ» ይላል። የእጄ አንጓ እስኪያብጥ ድረስ።

ቢሮ ሄድኩ። ገንዘቤን እንኳ አልጠየቅኩም፣ ሌላ አሰልጣኝ ቀይሩልኝ ነው ያልኩት። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። የደረሰኜን ጥግ በጥፍሯ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝና «የተከፈለ አይመለስም» አለች። ተመላሽ አልጠየቅኩም ብላት «እሱም ያው ነው» አለች። ኃላፊውን ላናግር ስል «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በመስኮቱ ሳይ ኃላፊው በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው ገንዘብ አስቀድመህ እንዳትከፍል የምልህ። አንድ ቀን ከፍለህ ሞክር፣ ከዛፍ ጀርባ አምጥቶ ያስመታህ፣ ከዚያ ወስን።

የዳንኩት በአንድ ካዲ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት የተጫዋች ቦርሳ ተሸክሞ የሰውን ስዊንግ (አመታት) ሲያይ የኖረ ልጅ። «ጋሼ፣ ኳሷን አያንሷት፣ ወደታች ይምቷት፣ ክለቡ ራሱ ያነሳታል» አለኝ። በቃ። የክለቡ ፊት የተጋደመው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ ሣሩን። ኳሷን ከመሃል ወደ ግራ እግርህ አንድ ኳስ ያህል አስጠጋት (ቀኝ እጅ ከሆንክ ማለቴ ነው)። ግራ ትከሻህ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ይበል። እጅህን አታጥብቅ። የክለቡን ፊት ከከፈትክ መጀመሪያ ክፈት፣ ከዚያ ጨብጥ፤ ጨብጠህ ካዞርከው ስትመታ ይዘጋብሃል። ፊቱ ሲከፈት ኳሷ ወደ ቀኝ ስለምትሄድ ከዒላማህ ትንሽ ወደ ግራ ቁም። ከሁሉም በላይ ስዊንግህን ጨርስ፣ እጆችህ ከግራ ትከሻህ በላይ ይውጡ። ዛፍ ፊት ሲቆም ሰው መሃል ላይ ይፈራና ያቆማል፤ ኳሷም ዝቅ ትላለች።

ዛሬ ያ አሰልጣኝ ራሱ ሜዳ ላይ ሲያየኝ ቆሞ ያያል። ዛፉን ሳሳልፍ አይቶ አንድም ቀን ጎሽ አላለኝም፤ ግድ የለኝም፣ አይቷል።

የኳሷን አቀማመጥም እይ። በበጋ ሣሩ ያልቅና ደረቅ መሬት ላይ ትቀመጣለች። እዚያ ላይ ሎብ ዌጅ ግዛ ያሉህ ሰዎች አይተውት አያውቁም መሰለኝ። የዌጁ ወፍራም ታች ከደረቁ መሬት ነጥሮ የኳሷን ሆድ ይመታል። እንዲህ ሲሆን ፊቱን አትክፈት፣ ፒቺንግ ዌጅ ያዝና ዛፉ ራቅ የሚልበት አቅጣጫ ፈልግ። በክረምት ደግሞ ክለቡን ከመምታትህ በፊት በፎጣ ጥረገው። እርጥብ ፊት ሽክርክሪት አይሰጥም።

ዛፉንም አስተውል። ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከአንድ ጉቶ ብዙ ግንድ ይወጣል፣ ቅጠሉም ከታች ጀምሮ ይደፍናል። ያላቆጠቆጠው ያረጀው ግን ታቹ ባዶ ግንድ ነው። እንዲህ ያለ ከገጠመህ 5 አይረን ይዘህ ዝቅ አድርገህ በግንዶቹ መካከል ማሳለፉ ይቀላል። የግድ ከላይ ካልሆነ አትበል።

አንድ ነገር ደግሞ። ካዲው ሊያግዝህ ብሎ ቅርንጫፍ ቢሰብርልህ ቅጣቱ ላንተ ነው፤ በስትሮክ ጨዋታ (ምት እየተቆጠረ በሚካሄደው) ሁለት ምት። ቀድመህ «እንዳትነካ» በለው። ኳሷ ከጉቶ ስር ከተወሸቀች አትታገላት። በአንድ ምት ቅጣት፣ ወደ ቀዳዳው ሳትጠጋ፣ ኳሷን አንስተህ በሁለት ክለብ ርዝመት ውስጥ መጣል ትችላለህ። ዛፍ ውስጥ ከጠፋችብህ መፈለጊያው 3 ደቂቃ ነው፤ አምስት የነበረው እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ አሁንም አምስት ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም።

አሁን የምልህ፣ በሚቀጥለው ስትሄድ የምትቸገርበትን ቦታ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልኝ። ከኳሷ ኋላ ቆመህ አንሳው፣ ኳሷም የዛፉ ጫፍም ይታይ። ስንት ቡጢ እንደቆጠርክም ጻፍልኝ፣ የትኛውን ክለብ እንደምትይዝ እነግርሃለሁ።