በፖቶማክ የቀን አንድ ዓሣ ገደብ ይሠራል ወይ?

«በዋሽንግተን ዲሲ በኩል በሚያልፈው በፖቶማክ ወንዝ ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን ዓሣ በቀን ከአንድ በላይ መውሰድ አይቻልም፤ ይህ ገደብ ዓሣውን በርግጥ ያተርፈዋል?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድማችን፦ ብቻውን አያተርፈውም። ገደቡ የሚቆጥረው አንድ ሰው ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ነው። ዳር ላይ ስንት ሰው እንደተሰለፈ፣ ስንት ዓሣ ተይዞ እንደተለቀቀ አይቆጥርም።

ትልቁ ቀዳዳ የሚለቀቀው ላይ ነው። ባለሙያዎች ሲያሰሉ ከተለቀቁት 9 በመቶው ይሞታል ብለው ይይዛሉ። አንዱን አስቀርቶ 20 የለቀቀ ሰው ደንብ ሳይጥስ ሁለት ያህል ጨምሮ ገደለ ማለት ነው። ይህም አማካይ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ውኃው ሲሞቅ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ የሚሞተው ይበዛል። በዚያ ሙቀት በማለዳ ማጥመድ፣ አንዱን ከያዙ በኋላም ዘንጉን ማጠፍ ይሻላል።

በትል ወይም በዓሣ ቁራጭ የምታጠምድ ከሆነ ሰርክል ሁክ የሚባለውን ክብ መንጠቆ እሰር፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ለዚህ ዓሣ ግዴታ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ከጉሮሮ ተንሸራትቶ የከንፈር ጥግ ላይ ይይዛል። ሲነክስ ግን ዘንጉን አትመንጭቅ፣ መንጠቆው ባዶውን ይወጣል፤ ክሩ እስኪወጠር ጠብቀህ ቀስ እያልክ ጠቅልል። ዓሣውን በረጠበ እጅ ያዘው፤ ደረቅ እጅና ፎጣ ዝልግልግ ሽፋኑን ይገፍፉታል፣ ቁስሉም ይሻግታል። መንጠቆው ጠልቆ ከገባ አትጎልጉል፣ ክሩን አፉ ጋ ቁረጠው። ትንሹን ባልዲ ውስጥ አቆይቶ ትልቅ ሲገኝ መለወጥ ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ ባልዲ ውስጥ የደከመ ዓሣ ወንዝ ቢመለስም ብዙውን ጊዜ አይተርፍም።

ዓሣውን የሚያድኑት መጠንና ወቅት ናቸው። በ2023 አትላንቲክ ባሕር ላይ የቀኑ ቁጥር አስቀድሞ 1 ስለነበር የሚቀነስ አልነበረም፤ በ2015 በብዛት የተፈለፈለውን ትውልድ ለማትረፍ የሚወሰደውን ከፍተኛ ርዝመት ወደ 31 ኢንች አወረዱት። በ2024 ፖቶማክ ለሚገባበት ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከ19 እስከ 24 ኢንች ተወሰነ፤ ብዙ እንቁላል የሚጥሉት ትልልቆቹ እናቶች ናቸውና። ከዚያ በፊት ሜሪላንድ በ1985 ማጥመዱን ጨርሳ ዘግታ በ1990 ነው የከፈተችው፤ ዓሣውም አገገመ።

ጣናን አስቡት። ላቤዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጡ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እዚያ የሚጠቅመው በእነዚያ ሳምንታት አፉን መዝጋት እንጂ በሰው ልክ መቁጠር አይደለም።

ለድስት የሚሆን ዓሣ ከፈለግክ ከአምባዛ ወገን የሆነውን ብሉ ካትፊሽ አጥምድ፤ ከሌላ ወንዝ መጥቶ የተስፋፋ ስለሆነ ሜሪላንድ የቁጥር ገደብ አላደረገችበትም። የምትቆምበትን ዳር ደንብ ግን አስቀድመህ እይ፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው አላቸው።