መልስ፦ የኢሜይል ግርጌ ማሳሰቢያ ምስጢር አይጠብቅም

እህቴ፣ አዘዞ ካለው ክሊኒካችሁ የላብራቶሪ ውጤት በኢሜይል ስትልኪ፣ ግርጌው ላይ «ይህ መልእክት ምስጢራዊ ነው፤ በስህተት ከደረሰዎ ያጥፉት» ብለሽ ብትጽፊ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል። አይበቃም። ሰውዬው ማሳሰቢያው ጋ የሚደርሰው ውጤቱን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ያልተስማማበትም ነገር ስለተጻፈለት ብቻ በውል አይታሰርም። ለቅን ሰው ማስታወሻ ይሆን ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም።

የታካሚውን መብት በሕግ ደረጃ የሚጠብቁት ሌሎች ናቸው፦ የግል ሕይወት እንዲከበር የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ኃላፊነቱም የላኪው ነው።

እኔን ከጠላፊ ይልቅ የሚያሳስበኝ የዕለት ተዕለት ስህተት ነው። ስም መጻፍ ስትጀምሪ ኢሜይሉ ራሱ አድራሻ ይሞላል፤ ሞክሼ በበዛበት ከተማችን ጎንደር ውጤቱ ለሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል። ኮምፒውተር ቤቶቹም አሉ። ታካሚው ፒያሳ ወርዶ ውጤቱን ያሳትማል፣ አካውንቱን ሳይዘጋ ይወጣል፣ ፋይሉም ዳውንሎድ ውስጥ ይቀራል። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ይከፍተዋል። የኤችአይቪ ውጤት ሊሆን ይችላል እኮ!

ስለዚህ መምጣት ለሚችል በእጁ ስጡት። መላክ ግድ ከሆነ ፒዲኤፉን በይለፍ ቃል ቆልፊው፤ ይለፍ ቃሉን በዚያው ኢሜይል አትጻፊ፣ ደውለሽ ንገሪው። ስሙንና የምርመራውን ዓይነት የኢሜይሉ ርዕስ ላይ አታስፍሪ፤ ፋይሉ ቢቆለፍም ርዕሱ አይቆለፍም፣ ስልኩ ተቆልፎ እንኳ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሊል ይችላል።