«ሥራ ሳልይዝ ምን ብራንድ አለኝ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ከዓመት በላይ ሆኖሻል። ከአጭር የልምምድ ጊዜ በቀር የሥራ ልምድ የለሽም፤ ካመለከትሽባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ መልስ እንኳ አልሰጡሽም። አንዱ «የአምስት ዓመት ዕቅድ አውጪ» ይልሻል፣ ሌላው «የግል ብራንድሽን ገንቢ» ይልሻል። አንቺም «ገና ሥራ ያልያዘ ሰው ምን የሚያሳየው ነገር አለ?» ብለሽ ጠየቅሽ። ለብዙ ዓመታት ፋይናንስ ክፍል ሠርቻለሁ፤ በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬም ብዙ ማመልከቻ አንብቤያለሁ። በዚያ በኩል ሲታይ ነገሩ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

ኮሚቴ ላይ የአንድ አመልካች ስም ሲነሳ የሚባለው ሁልጊዜ አጭር ነው። «ያቺ የባንክ ማስታረቂያ ፋይል ያያያዘችው»፣ «ያ መጋዘን ቆጠራ ላይ የሠራው»። (ባንክ ማስታረቅ ማለት የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር አመሳክሮ ልዩነቱን መለየት ነው።) ሰውየው በሌለበት ስለ እሱ የሚባለው ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብራንዱ ነው። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምትችል፣ ለመማር ዝግጁ» የሚለው በሁሉም ሲቪ ላይ ስላለ ማንንም ከማንም አይለይም። ስለዚህ ስለ ፎቶውም ስለ ፖስቱም ከማሰብሽ በፊት አንድ ነገር ወስኚ፦ የትኛው ሥራ ሲነሳ ስምሽ እንዲነሳ ትፈልጊያለሽ?

ይህን ለመምረጥ የሥራ ማስታወቂያ ትልቅ መምህር ነው። አሁን የምታመለክቺበትን መደብ ብቻ አታንብቢ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልትደርሺበት የምትፈልጊውን መደብ ማስታወቂያ ሃያ ያህል ሰብስቢ። ከዚያ ኤክሴል ክፈቺና በአንዱ ዓምድ የተጠየቀውን ችሎታ፣ በሌላው ስንት ማስታወቂያ ላይ እንደተጠቀሰ ጻፊ። በእኛ ሙያ ደጋግመው የሚመጡት ወርሃዊ ሂሳብ መዝጋት፣ ባንክና ተሰብሳቢ ሂሳብ (ደንበኞች ገና ያልከፈሉት ገንዘብ) ማስታረቅ፣ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች)፣ አንድ የኢአርፒ ሲስተም (የድርጅቱን ሂሳብ፣ ግዢና ክምችት አንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር) እና ጠንከር ያለ ኤክሴል ናቸው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ይህን እንደምችል በምን አሳያለሁ?» ብለሽ ጻፊ። እዚያ ዓምድ ላይ ባዶ የቀረው ሳጥን ሁሉ ዕቅድሽ ነው።

«ዘንድሮ ጁኒየር፣ በሦስተኛው ዓመት ሲኒየር፣ በአምስተኛው ማናጀር» የሚለውን ዓይነት ዕቅድ እኔ አልመክርሽም። ማዕረግ ሰጪው ሌላ ሰው ነው፤ በጀትና ክፍት ቦታ ይወስኑታል። የምትችዪውን ነገር መጨመር ግን በእጅሽ ነው። አቅጣጫው ረጅም ይሁን፤ ዕቅዱ ግን ለአንድ ዓመት ይበቃል፤ በዚያ ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ባዶ ሳጥን ከሞላሽ ጥሩ ሄደሻል። ሁለት የሥራ ዕድል አንድ ላይ ከመጣልሽም በዚሁ ዓምድ መዝኛቸው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቶ ዓመቱን ሙሉ ተከፋይ ሂሳብ (ድርጅቱ ለሌሎች የሚከፍለውን ዕዳ) ብቻ ከመመዝገብ፣ አነስ ባለ ቤት ከቫውቸር እስከ ወር መዝጊያ ያለውን ሁሉ የሚያሳይ ሥራ ለጀማሪ ይሻላል ባይ ነኝ። የደመወዙ ልዩነት ኑሮሽን የሚያናጋ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ሥራ ሳይኖርሽም የምታሳዪው ነገር መሥራት ትችያለሽ። ማስታረቅን መረጥሽ እንበል። የሌለ ድርጅት ፍጠሪና የአንድ ወር የባንክ መዝገብና የባንክ መግለጫ ራስሽ አዘጋጂለት፤ ውስጡም እውነተኛ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችን አስገቢበት። ተጽፎ ገና ያልተመነዘረ ቼክ፣ ባንኩ ቆርጦት መዝገብ ላይ ያልገባ የአገልግሎት ክፍያ፣ በወሩ የመጨረሻ ቀን ገቢ ተደርጎ መግለጫው ላይ ያልደረሰ ገንዘብ ይኑርበት። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ 5,490 የነበረው 4,590 ተብሎ ይመዝገብ። ልዩነቱ 900 ነው። ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ የቆዩ ሂሳብ ሠራተኞች ልዩነት ሲገጥማቸው መጀመሪያ ለ9 አካፍለው የሚያዩት ለዚህ ነው። ማስታረቂያውን በቀመር ሥሪ፣ የማስተካከያ ምዝገባዎቹን ለብቻ አስቀምጪ። ከዚያ በአንድ ገጽ ምን ልዩነት እንዳገኘሽ፣ በምን እንደለየሽው፣ ምን ዓይነት ቁጥጥር ቢኖር እንደማይደገም አብራሪ።

ያ አንድ ገጽ ከብዙ ሰርተፊኬት ይልቅ ይናገራል። ሰርተፊኬቱ ኮርሱን መጨረስሽን ያሳያል፤ ገጹ ግን ልዩነት ፊትሽ ሲቀመጥ እንዴት እንደምታስቢ ያሳያል። እኛ በቃለ መጠይቅ ለማወቅ የምንደክመውም እሱን ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ልምምድ ከወጣሽበት ቤት አንዲት ቁጥር እንኳ እንዳትጠቀሚ፣ ስም ቢቀየርም። መረጃው የፈጠራ መሆኑን ፋይሉ አናት ላይ በግልጽ ጻፊ። የሰው ሂሳብ አደባባይ ያወጣን አመልካች የትኛውም ፋይናንስ ክፍል አያምነውም።

ሲቪሽም ከዚሁ ጋር ይሂድ። ልምምዱን «በተለያዩ የሂሳብ ሥራዎች ተሳትፌያለሁ» ብለሽ ከጻፍሽው አንባቢው ምንም አይጨብጥም። እውነት ከሆነ «የተሰብሳቢ ሂሳብ ዝርዝርን በየሳምንቱ ከደንበኞች መግለጫ ጋር አመሳክሬ ያልተመዘገቡ ክፍያዎችን ለይቼ ለኃላፊዬ አቀርብ ነበር» በዪ። ቁጥር ካስገባሽ፣ ሲጠይቁሽ ከየት እንደመጣ ማስረዳት የምትችዪውን ብቻ ይሁን። ብዙ ቦታ ማመልከቻን መጀመሪያ የሚያነበው ሶፍትዌር ስለሆነ ሰንጠረዥ፣ ሁለት ዓምድ፣ ምስል ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ሊያሳስተው ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ፒዲኤፉን ከፍተሽ ጽሑፉን በሙሉ ኮፒ አድርጊና ባዶ ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ወይም የጠፋ መስመር ካለ ሶፍትዌሩም እንደዚያው ሊያየው ይችላል። ስምሽ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ዲግሪው፣ ሲቪው፣ ኢሜይሉና ሊንክድኢኑ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በሦስት ዓይነት ሆሄ የተጻፈን ስም ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሊንክድኢን ላይ ከስምሽ ሥር ያለው መስመር እስከ 220 ፊደል ይይዛል፤ በፍለጋ ውጤት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው መጀመሪያው ነው። «ሥራ ፈላጊ» ብለሽ አትጀምሪው። ሰው የሚፈልገው በሙያ ስም ስለሆነ «ጀማሪ አካውንታንት፣ የባንክና የተሰብሳቢ ሂሳብ ማስታረቅ፣ ኤክሴል» የሚለው ይሻልሻል። የሠራሽውን ናሙና እዚያው አያይዢ። በየቀኑ መለጠፍ አያስፈልግሽም፤ የማበረታቻ ጥቅስ ማጋራትም ስምሽን ከምንም ሥራ ጋር አያያይዘውም። በወር አንድ ጊዜ በእጅሽ የሠራሽውን ነገር በደንብ ብታብራሪ ይበቃል።

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ግን ሰውን ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ያን ሰው በምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠይቆ ነበር። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ እናገኘው ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ነበር የሚያገኙት። የቅርብ ጓደኛሽ የሰማችውን አንቺም ሰምተሻል፤ ራቅ ያለው ሰው ግን አንቺ የማትደርሺበት ቦታ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ጥናትም ወደዚሁ ያደላል፤ በተለይ የጠቀሙት በመጠኑ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የልምምድ ኃላፊሽን፣ ከአንቺ ቀድመው የተመረቁትን፣ አንድ ኮርስ አብረውሽ የወሰዱትን በዝርዝር ጻፊ። «ሥራ ካለ አስቢኝ» የሚለው መልእክት ሰውን ያስጨንቃል፤ መልስ የሚሰጠው ነገር የለውምና። ይልቅ እንዲህ ብትዪ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በልምምድ ጊዜዬ በተሰብሳቢ ሂሳብ ክፍል አብሬዎት ሠርቻለሁ። አሁን ማስታረቅ ላይ ያተኮረ የጀማሪ አካውንታንት ሥራ እየፈለግሁ ነው። በፈጠራ መረጃ የሠራሁትን አንድ ናሙና አያይዣለሁ። ጊዜ ካገኙ፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ ይህ ሥራ ከዚህ በምን እንደሚለይ ቢነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።»

ይህን መመለስ አይከብድም። የመለሰልሽ ሰውም ፋይልሽን አይቶታልና፣ ቦታ ሲከፈት ስምሽን የሚያነሳበት ምክንያት አለው። የነገሩሽን አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪላቸው፤ ይህን የሚያደርግ ጥቂት ሰው ነው።

ያመለከትሽበትን ሁሉ መዝግቢ፦ ቀኑን፣ መደቡን፣ የላክሽውን ሲቪ፣ የደረስሽበትን ደረጃ። አንድም ቦታ ካልጠሩሽ ሲቪውን ወይም የመረጥሽውን መደብ መርምሪ። ጠርተውሽ ፈተናው ላይ ከቀረሽ ችሎታውን፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ከቀረሽ አነጋገርሽን አሠልጥኚ። አሁን በነገርሽን መሠረት አብዛኛው ሳይጠራሽ የቀረ ነው፤ ስለዚህ ለጊዜው የቃለ መጠይቅ ኮርስ ላይ ገንዘብ አታውጪ፣ ሲቪውና ናሙናው ይቅደሙ። ማስታረቂያውን ሠርተሽ ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ ቀመሮቹንና የማስተካከያ ምዝገባዎቹን አይቼ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።