አንዲ ሮበርትሰን ከየት ተነስቶ ነው ሊቨርፑል የደረሰው? (መልስ)

ወንድሜ፣ የስኮትላንዱ የግራ ተከላካይ ሮበርትሰን የእንግሊዙ ሊቨርፑል አካዳሚ (የታዳጊዎች ማሰልጠኛ) ውጤት ነው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፣ አይደለም። ልጁ የግላስጎው ነው። በከተማው ትልቅ ክለብ በሴልቲክ ታዳጊ ቡድን ውስጥ አድጎ፣ ሰውነትህ አነስተኛ ነው ተብሎ በ15 ዓመቱ ተሰናበተ። በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በስኮትላንድ አራተኛ እርከን፣ አማተር በነበረው ኩዊንስ ፓርክ ያለ ደመወዝ መጫወት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን በሚጫወትበት ሃምፕደን ፓርክ ስታዲየም ተቀጥሮ ስልክ እያነሳ ትኬት ይሸጥ ነበር! ከ2018 ጀምሮ ደግሞ እዚያው ሜዳ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆኖ ገብቷል።

ቀጥሎ ዳንዲ ዩናይትድ፣ በ2014 ሃል ሲቲ። ሃል በ2017 ከፕሪሚየር ሊግ ሲወርድ ሊቨርፑል በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። እንዲህ ረክሶ እንዲህ ያዋጣ ዝውውር እኔ አላውቅም። መጀመሪያ ተቀያሪ ነበር፤ በቦታው ይጫወት የነበረው ሞሬኖ ሲጎዳ ገባ፣ ቦታውንም አልለቀቀም። በጥር 2018 ማንቸስተር ሲቲን 4 ለ 3 ያሸነፉበትን ጨዋታ ፈልገህ እየው። ከግራ መስመሩ ወጥቶ፣ ኳሷን ከአንዱ ተከላካይ ወደ ሌላው፣ እስከ ግብ ጠባቂው ድረስ ብቻውን እያሳደደ መውጫ ያሳጣቸዋል። አንፊልድ (የሊቨርፑል ሜዳ) የወደደው ያን ቀን ነው።

በ2019 ቻምፒየንስ ሊግ፣ በ2020 እና በ2025 ፕሪሚየር ሊግ አንስቷል። በኅዳር 2025 ደግሞ ስኮትላንድ ዴንማርክን 4 ለ 2 አሸንፋ፣ ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ አምበሉ እሱ ነበር።