ወደዚያው ጓሮ ተመለሱ

ውድ ልጆቼ፣

ይህችን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ አበባና ስለ ችግኝ በቴሌቪዥን ወይም በዩቲዩብ ፕሮግራም ለምትሠሩ፣ ለመሥራትም ለምታስቡ ወጣቶች ነው። የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ፣ ፕላስቲክ በአፈር ከሚሞሉ ሴቶች አጠገብ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ገበሬ አሠለጠንኩ፤ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ደግሞ ለቴሌቪዥን ፕሮግራሞች አማካሪ ሆኜ ሠራሁ። አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ የእናንተን ሥራ እከታተላለሁ። ምስላችሁ ያምራል። ከሰው ጋር ስታወሩ አትጨናነቁም፤ እኛ የተጻፈልንን ወረቀት ነበር የምናነበው። ብዕር ያነሳሁት ግን የምመኝላችሁ አንድ ነገር ስላለ ነው።

በአንድ ቀረጻ ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ ጣቢያ ስለ ግቢ ውበት ፕሮግራም ሊሠራ ጠራኝ። ቦታው ቦሌ አካባቢ ያለ ትልቅ ቪላ ነው። ጠዋት ስደርስ ግቢው ውስጥ ከደረቀ ሣር በቀር ምንም አልነበረም። አራት ሰዓት ላይ አንድ አይሱዙ አበባ ጭኖ መጣ፤ ጽጌረዳው፣ ጌራኒየሙ፣ ፔቱኒያው ሁሉ ያበበ። ቀረጻው በዚያው ቀን ማለቅ ስለነበረበት ልጆቹ ትንንሽ ጉድጓድ እየቆፈሩ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ከተቱት፤ እንዳይታይም ዳር ዳሩን አፈር አለበሱት። ውኃ ተረጨበት፣ ካሜራው ዞረ። እኔም ከአበባው መሀል ቆሜ «ጽጌረዳ ፀሐይ ትወዳለች» ብዬ ተናገርኩ። በሁለተኛው ሳምንት እዚያ የረሳሁትን መቀስ ልወስድ ስመለስ ጽጌረዳዎቹ እንደቆሙ ደርቀዋል። አንዱን ሳብ ሳደርገው ከነፕላስቲኩ ወጣ። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ድውር ተጠምጥሟል፤ ዙሪያው ያለው አፈር እርጥብ ሆኖ ሳለ እሱ በውኃ ጥም ሞቷል። ፕሮግራሙ ግን ቀደም ብሎ ተላልፏል። ያየው ሰው ሁሉ ያ ግቢ እስከ ዛሬ ያበበ ይመስለዋል።

ያን ቀን ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። ፕላስቲኩን በምላጭ ሰንጥቆ፣ ሥሩን በጣት ፈታ አድርጎ መትከል ለእያንዳንዱ ችግኝ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያቺ ሁለት ደቂቃ ብትቀረጽ ኖሮ ደግሞ ከፕሮግራሙ ሁሉ የምትጠቅመው እሷ ነበረች።

የሚጎዳው ተመልካቹ ነው። በቴሌቪዥን ያየውን አበባ ገዝቶ ይተክላል፤ ይደርቅበታል። ከዚያ ጥፋቱን ከራሱ ላይ ይጥልና «የኔ እጅ ተክል አያጸድቅም» ይላል። ስንት ሰው እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ! እጁ ምንም አልሆነም። ያልተነገረው ነገር ስላለ ነው። በእኛ ሙያ ችግኝ ተተከለ ማለትና ችግኝ ጸደቀ ማለት ለየቅል ናቸው፤ ቴሌቪዥናችን ግን የሚወደው የመጀመሪያውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ካሜራ ያልደረሰበት ተራራ አልነበረም። እኔ ቀጥሎ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ጥር ሲገባ፣ ዝናቡ ከቆመ አራት ወር ሲሞላው፣ ያንኑ ጉድጓድ የሚያሳየኝ ፕሮግራም ፈልጌ ያገኘሁት በጣም ጥቂት ነው። ተክል የሚሞተውም የሚድነውም ያኔ ነው።

ይህን ጉዳይ ከእኛ ቀድመው የተጋፈጡት እንግሊዞች ናቸው። በእነሱ አገር ጓሮና ቴሌቪዥን አብረው አርጅተዋል። ጋርደነርስ ወርልድ የተባለው የቢቢሲ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። ይህን ያህል ዘመን ያቆየው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ አቅራቢው በየሳምንቱ ወደ አንድ ቦታ መመለሱ ነው እላችኋለሁ። ጄፍ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ ሞተበት እስከ 1996 ድረስ ባርንስዴል በሚባለው ጓሮው እየሠራ አስተማረ። ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ነገር፣ በገዛ እጁ እየቸነከረና እየቆፈረ ነበር የሚያሳየው። ሞንቲ ዶን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ፕሮግራሙን የሚያቀርበው ከራሱ ግቢ ነው። ለዓመታት ቅርጽ እያስያዘ ያሳደገው ቦክስ የሚባል ቁጥቋጦ በሻጋታ በሽታ ሲመታበት አልደበቀም። ተመልካቹ ቅጠሉ ሲረግፍ አየ፤ ሲነቀልም አየ። አንድ ባለሙያ ያሳደገውን ሲነቅል ማየት ስንት መጽሐፍ ያክላል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ግራውንድ ፎርስ የሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮግራም ተጀመረ። ባለቤቱ ከቤት ሲወጣ ጠብቀው፣ ጓሮውን በሁለት ቀን ገደማ ገለባብጠው፣ ጣውላ አንጥፈው፣ ፏፏቴ ሠርተው፣ ሲመለስ በደስታ ሲያለቅስ ያሳዩ ነበር። ሕዝቡ እጅግ ወደደው፤ እስከ 2005 ድረስም ቆየ። ብዙ ሰው በእሱ ምክንያት ወደ ጓሮው መውጣቱን አልክድም። ሆኖም የዚያ ፕሮግራም ዋናው ነገር የባለቤቱ ፊት ነው እንጂ ተክሉ አይደለም። ዛሬ እኛ ዘንድ የማየው አብዛኛው የግቢ ማስዋብ ፕሮግራም የዚህኛው ልጅ ነው፤ የመጀመሪያውን መንገድ ይዞ የቀጠለ ግን ገና አላየሁም። እናንተ እንድትይዙት ነው የምለምናችሁ።

ከእንግሊዞቹ ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። ፐርሲ ትሮወር የሚባለው ዝነኛ አቅራቢ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለአንድ ኬሚካል አምራች ኩባንያ ማስታወቂያ ለመሥራት በመስማማቱ ቢቢሲ አሰናብቶታል። ስፖንሰር እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ፤ ያለ ገንዘብ ካሜራ አይንቀሳቀስም። ግን ፀረ ተባይ ሻጭ የሚከፍለው አቅራቢ ክሽክሽ የወረረውን ጎመን ሲያይ «በመጀመሪያ በውኃ እጠቡት» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ከማን ብር እንደምትቀበሉ ለይታችሁ ያዙ።

አሁን ወደ አገራችን አፈርና አየር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ የምትቀርጹት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የሚያያችሁ ሰው ግን 1,200 ሜትር ላይ ድሬዳዋ፣ ወይም 2,800 ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ነው። «ማንጎ በግቢያችሁ ትከሉ» ስትሉ የድሬዳዋው ሰው ተክሎ ይበላል፤ የደብረ ብርሃኑን የኅዳር ውርጭ ያቃጥልበታል። ከፍታውን መናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ይህ የሚሆነው ለወይና ደጋ ነው» በሉ፣ በቃ። ወሩንም ተናገሩ። አንድ ጊዜ ሰኔ ላይ በተላለፈ ፕሮግራም ቲማቲም ሲተከል አይታ ጎረቤቴ ተከለች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጠርታኝ ሄድኩ። ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ውኃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ ገልብጬ ሳየው ጠርዙ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። ገበሬው ምች መታው የሚለው ነው፤ ብርድና ዝናብ ሲገናኙ በቀናት ውስጥ ማሳ ይጨርሳል። ሳምንት ሳይሞላው የጎረቤቴ ቲማቲም ሁሉ ግንዱ ጠቁሮ ወደቀ። ያ ፕሮግራም የተቀረጸው በበጋ፣ በመስኖ ኖሮ እሱን ሳይናገሩ ክረምት ላይ አስተላለፉት።

ስለ አፈርም አንድ ነገር። «ጥቁር የጫካ አፈር ተጠቀሙ» የሚል ምክር ከአቅራቢዎች አፍ በየጊዜው እሰማለሁ። ደግ አፈር ነው፤ እኛም በችግኝ ጣቢያ እንቀላቅለው ነበር። ግን በየመንገዱ ዳር በጆንያ የሚሸጠው ያ አፈር ከአንድ ደን ሥር ተዝቆ ነው የመጣው። ሃሚልተን በአገሩ ከረግረግ የሚቆፈረውን ፒት የሚባል አፈር መጠቀም ያቆመው፣ ሌላውም እንዲያቆም በቴሌቪዥን የተከራከረው በዚሁ ምክንያት ነበር። የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የደረቀ ቅጠልና ፍግ ተከምሮ ብስባሽ ሲሆን አሳዩ። መጀመሪያ ቀን ክምሩን፣ በሦስተኛው ሳምንት እጃችሁን ከትታችሁ ሙቀቱን፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ እንደ ቡና ዱቄት ጠቁሮ የተፈረፈረውን አሳዩ።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። አገራችን 6,000 ገደማ የዕጽዋት ዝርያ አላት። እነዚህን መዝግቦ ስምና መልክ ለመስጠት እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕጽዋት ሥራ በ2009 በስምንት ቅጽ ተጠናቋል። የደረቁት ናሙናዎች አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ተቀምጠዋል። ይህ ሁሉ እያለ አንድ አቅራቢ «ጽድ ትከሉ» ብሎ ያልፋል። የትኛውን? የሐበሻው ጽድ የኛው ነው፤ ፍሬው አተር አክሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሥጋ ያለው ነው። የፈረንጁ ጽድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው፤ ፍሬው እንደ እንጨት ደርቆ የሚሰነጠቅ ክብ ነው። ሁለቱን ፍሬ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጣችሁ በቅርብ ብትቀርጹ ተመልካቹ ዕድሜውን ሙሉ አይሳሳትም። ለዚህ ነው ካሜራ የተሠራው።

ውብ ነው ብላችሁ ብቻም ተክል አታስተዋውቁ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ሐምራዊ አበባው ስላማረ ነው፤ ሰው ለኩሬው ጌጥ ብሎ ነው የወሰደው። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ገባ። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ማንቀሳቀስ ያቃተው በአንድ ቆንጆ አበባ ነው። የወፍ ቆሎንም ለአጥር ያምራል እያላችሁ ስታሳዩ አይቻለሁ፤ ወፍ ፍሬውን በልታ የምትጥልበትን የግጦሽ መሬት ሄዳችሁ ሳታዩ እባካችሁ አትናገሩለት።

አሁን ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አንድ ወጣት አዘጋጅ ሐሳቤን ሰምቶ፣ ኮልፌ የሚኖሩ አንዲት እናት ጓሮ በዓመት አራት ጊዜ ልንሄድ ተስማማን። ጓሯቸው ከአንድ ሳሎን አይበልጥም፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥጉ ላይ ጤና አዳምና አንድ ጌሾ። በግንቦት ስንሄድ መደቡን እየቆፈሩ አገኘናቸው። «ልጄ፣ አሁንማ ምን አለ የምትቀርጸው?» አሉት ካሜራማኑን። መሬቱን ቀረጸ።

በሐምሌ ስንመለስ በዋዜማው በረዶ ጥሎ ነበር። ቆስጣው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ መሬት ላይ ተነጥፏል። አዘጋጁ ተስፋ ቆርጦ «ጋሼ፣ ሌላ ጓሮ እንፈልግ» አለኝ። ለመንኩት። እናታችን በርጩማ አውጥተው ተቀመጡና የተቀደደውን ቅጠል አንድ በአንድ ይቆርጡ ጀመር። መሀል ላይ ያለችውን፣ ገና ያልተገለጠችውን ጥቅልል ቅጠል ግን በጣታቸው ከፈት አድርገው እያዩ ይተዋሉ። «ልቡ ካለ ይወጣል» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም። ካሜራማኑ ከእጃቸው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ብዙ ደቂቃ ቀረጸ። ያ ክፍል በተላለፈ ማግስት ስልክ የደወለው ሰው ብዛት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያላየሁት ነው፤ በረዶ ያልመታው ጓሮ አልነበረምና።

መስከረም ላይ ቆስጣው ከመደቡ ሞልቶ ፈሶ ነበር። በጥር ደግሞ ጎመኑ ክሽክሽ ይዞት፣ እሳቸው ዕቃ ያለቀለቁበትን ውኃ እየረጩ ሲያጥቡት ደረስን። ለዘር ከተዉት ከአሮጌው ጎመን ላይ የደረቀውን ቆባ በመዳፋቸው አሽተው፣ ገለባውን እፍ ብለው፣ ዘሩን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልለው ለካሜራማኑ ሰጡት። «ግንቦት ላይ ዝራው፤ አደራ፣ ጥልቅ አታድርገው» አሉት።

ልጁ ዛሬም ኪራይ ቤት ነው የሚኖረው፤ መሬት የለውም። በየዓመቱ ግን ከዚያ ዘር እያስቀረ፣ ጄሪካን ለሁለት ሰንጥቆ፣ ታችውን በስቶ ይዘራል። ባለፈው ሳምንት የዘንድሮውን ፎቶ ላከልኝ። ችምችም ብሎ በቅሏል፣ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቷል። «ጋሼ፣ መቼ ላሳሳው?» ይላል። እውነተኛ ቅጠሉ ሦስት አራት ሲሞላ፣ ማታ ውኃ አጠጥተህ ጠዋት ንቀለው ብዬ ጻፍኩለት፤ የነቀልከውንም አትጣለው፣ ሌላ ጄሪካን ፈልግለት።