የቤንዚን ትነት ወደ ላይ አይወጣም

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መንገደኛ የማመላልስባት ጀልባ በቤንዚን የምትሠራ ስትሆን፣ ሞተሯ ያለው ከወለሉ ሥር በተከደነ ክፍል ውስጥ ነው። ሽታው ስለሚታፈን ክዳኑን በላይ በኩል ቀድጄዋለሁ፤ አሁን ደግሞ የመኪና ራዲያተር ማራገቢያ ልገጥምበት አስቤያለሁ። ይበቃ ይሆን?
ጀልባ ነጂ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ማራገቢያውን ሳይገጥሙ መጠየቅዎ እጅግ አስደስቶናል፤ እባክዎ አይግጠሙት። የከፈቱት ቀዳዳ ለሞተሩ ሙቀት መውጫ ይሆናል እንጂ ለትነቱ አይጠቅምም፤ ምክንያቱም የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ፣ እንደ ጭስ ሽቅብ በመውጣት ፈንታ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈሶ በጀልባዋ ሆድ ይተኛል። ከመኪና ሥር የሚፈስ ቤንዚን በነፋስ ይበተናል፤ ጀልባ ግን ውሃ እንዳታስገባ ተደርጋ የተሠራች ናትና የገባባትን ትነት ይዛ ትቀራለች። ከክፍሉ አየር 1.4 በመቶ ያህሉ ትነት ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የጣና ማለዳ ቅዝቃዜም አያድንም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል።

ስለዚህ ንጹሕ አየር የሚያስገባ አንድ ቱቦ፣ ትነቱን ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ሌላ ቱቦ ያስፈልግዎታል። የማስወጫው አፍ ወደ ክፍሉ ወለል የተጠጋ፣ ሆኖም በሥር ከሚጠራቀመው ውሃ ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ውሃ ከደፈነው ማራገቢያው በከንቱ ይዞራል። የመኪናው ማራገቢያ ካርቦኑ በሚሽከረከረው ክፍል ላይ ሲፋተግ ብልጭታ ስለሚያወጣ፣ ትነቱን ሊያስወጣ የገባው ዕቃ ራሱ ሊለኩሰው ይችላል። ለጀልባ የሚሠራው ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳያልፍ ተደርጎ የታሸገ ነው። ሞተሪኖና ዳይናሞም እንዲሁ ናቸው፤ የመኪናው ልክክ ብሎ ቢገጥምም ለዚህ ክፍል አይሆንም።

ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ማራገቢያውን ቢያንስ 4 ደቂቃ ያሠሩ፤ ከዚያም ክዳኑን ከፍተው ዝቅ ብለው ያሽትቱ። ሽታ ካለ ቁልፉን አይንኩ፤ መንገደኞችን ያውርዱና የሚያፈሰውን ቱቦ ወይም መጋጠሚያ ፈልገው ያስጠግኑ፤ ማራገቢያ ፍሳሽን አይጠግንምና። ቤንዚን ሲሞሉም ሰው ሁሉ ይውረድ፣ ሞተርና መብራት ይጥፋ፣ የሞተሩ ክፍል ክዳን ይዘጋ፤ ሞልተው ሲጨርሱ ክዳኑን ከፍተው እንደገና ማራገብና ማሽተት ነው። ጄሪካን ከሆነ ጀልባዋ ላይ ሳይሆን የብስ ላይ ያስቀምጡና ይሙሉት።

ተገቢው ማራገቢያ ተገኝቶ እስኪገጠም ድረስ ጀልባዋ መንገደኛ እንዳትጭን አጥብቀን እንለምንዎታለን።