ዋይፋይና ዳታ ሲጣመሩ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ቤታችን ዋይፋይ አለ። ፍጥነት ይጨምራል ብዬ ዳታውንም ከፈትኩት፤ ለውጥ ግን የለም። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

ስልክዎ ደህና ነው። ሁለቱንም ቢከፍቱ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአንዱ ነው። ዋይፋይ ካገኘ እሱን ያስቀድማል፤ ዳታው ዋይፋዩ እስኪጠፋ ይጠብቃል።

ታዲያ ሁለቱን በእውነት የሚያጣምር ነገር የለም? (የቴክኖሎጂ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

አለ ወንድሜ፣ ግን ጣጣ አለው። ዋይፋዩና ሲሙ የየራሳቸው የኢንተርኔት አድራሻ ስላላቸው፣ ፋይሉን የሚልከው ሰርቨር (ከወዲያ ያለው ኮምፒውተር) የሚያያቸው እንደ ሁለት ደንበኞች ነው። ሳምሰንግ በ2014 እ.ኤ.አ. ከጋላክሲ ኤስ5 ጋር ያወጣው ዳውንሎድ ቡስተር ይህን ያለፈው ከ30 ሜጋባይት በላይ የሆነን ፋይል ቆራርጦ ከፊሉን በዋይፋይ፣ ከፊሉን በኤልቲኢ (በ4ጂ ዳታ) በማውረድ ነበር። ለትልቅ ፋይል ይበጃል፤ ለቪዲዮ ጥሪ ግን ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛው መንገድ መልቲፓዝ ቲሲፒ ነው። አንዱን ግንኙነት በሁለቱም መስመር ያስኬደዋል፤ ነገር ግን ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰርቨርም ካልተቀበለው አይሠራም። አፕል በ2013 እ.ኤ.አ. በድምፅ ለሚታዘዘው የአይፎን ረዳት ለሲሪ ሲያስገባው እንኳ ዋና ዓላማው ዋይፋይ ሲዳከም ንግግሩ እንዳይቋረጥ እንጂ ፍጥነት አልነበረም። እንደ ስፒዲፋይ ያሉ የማጣመሪያ መተግበሪያዎች ደግሞ ሁሉንም በራሳቸው ሰርቨር በኩል ያሳልፋሉ። ሰርቨሩ ሩቅ አገር ከሆነ፣ ያፈጥናል የተባለው ነገር ጥሪህን ሊያጓትተው ይችላል። እኔ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የስልክህን ሴቲንግ እንድታይ እመክርሃለሁ፤ አንዳንድ የኦፖና የሻኦሚ ስልኮች ሁለቱን የሚያጣምር ማብሪያ አላቸው።

የጓደኛዬን ሆትስፖት ከራሴ ዳታ ጋር ባጣምርስ? (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

የሁለታችሁም ሲም የአንድ ድርጅት ከሆነና አንድ ታወር ላይ ካላችሁ፣ ነገሩ በአንድ ቦኖ ሁለት ጀሪካን ይዞ መሰለፍ ነው። ውኃው አይጨምርም፤ ትንሽ ብታተርፉም ከሌላው ሰልፈኛ ድርሻ ነው። ትርፍ የሚኖረው መነሻቸው ሲለያይ ነው፦ አንዱ ቤት የገባ የፋይበር መስመር፣ ሌላው ሲም፤ ወይም ሲሞቹ የተለያዩ ድርጅቶች ሲሆኑ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ ሐረጎ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጥብኛል። ማጣመር ይረዳኛል?

መኪናው ውስጥ ዋይፋይ ከሌለ የሚጣመር ነገር የለም። ሁለት ሲም ቢኖርዎትም አብዛኛው ስልክ ዳታ የሚጠቀመው በአንዱ ብቻ ነው። ቪዲዮውን ከመነሳትዎ በፊት ያውርዱት።

ዋይፋይ ላይ ሆኜ የወር ጥቅሌ አለቀ! ማን በላው? (ከኮምቦልቻ)

አይፎን ከሆነ ዋይፋይ አሲስት የሚባለውን ይጠርጥሩ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ዋይፋዩ ሲደክም ሳይጠይቅዎት ወደ ዳታ ይሻገራል። የሞባይል ዳታ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ታች ወርደው ያጥፉት። በሳምሰንግ ደግሞ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ሞባይል ዳታ መቀየሪያውን ይዝጉ። ፍጥነት ብለው ማጣመሪያ ያበሩም ከሆነ ጥቅሉን የሚበላው እሱ ነው፤ ትልቁ ፋይል ወርዶ ሲያልቅ ወዲያው ያጥፉት።